ያላየሁትን አልተኩስም

የዓይን ክሊኒኩ ኮሪደር ጠባብ ነው፤ በግራና በቀኝ ግድግዳው ጥግ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮበት መሐሉ አንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል። የዚያን ዕለት ጠዋት ወንበሩ ሁሉ ሞልቶ ነበር። ይህን ታሪክ የሚጽፈው ሰው የንባብ መነጽር ፈልጎ ተራውን ሲጠብቅ፣ ዓይናቸው ውስጥ ጠብታ የተጨመረላቸው አንድ ሽማግሌ ከምርመራ ክፍሉ ወጡ። ጠብታው የዓይን ብሌንን በሰፊው ስለሚከፍት ከዚያ በኋላ ብርሃን እንደ ጦር ይወጋል። ይህን የነገራቸው ያለ አይመስልም። የውጭውን በር ከፍተው ፀሐይ ፊት ለፊት ስትቀበላቸው ሁለት እጃቸውን ዓይናቸው ላይ ጭነው እንደ ተተከለ እንጨት ደርቀው ቀሩ።

ከወረፋው ፊት የተቀመጠች ረጅም ሴት ብድግ አለች። ዕድሜዋ ሃምሳን ያለፈ ነው፤ ፊቷን ፀሐይና ንፋስ አጠይመውታል። ሰፊ ክንፍ ያለውን ባርኔጣዋን አውልቃ ሽማግሌው ራስ ላይ ደፋችው፤ ክንዳቸውንም ይዛ፣ «አባባ፣ ዛሬ እግርዎን ብቻ ይመኑ፤ ዓይንዎ ዕረፍት ላይ ነው» እያለች ወደ ጥላ ወሰደቻቸው። ልጃቸው መጥቶ እስኪወስዳቸው ድረስ አብራቸው ቆመች። ስትመለስ ተጠርታ ተራዋ አልፏል። አልተከራከረችም። ከወረፋው ጭራ፣ ከዚህ ጸሐፊ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች። ባርኔጣው ከሽማግሌው ጋር መሄዱን ቢነግራት፣ «ለእሳቸው ይበልጥ ያምርባቸዋል» ብላ ዘጋችው።

ሰውን ከሰው የሚያገናኝ አምላክ የተመሰገነ ይሁን። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ጨዋታም ተጀመረ። የሚከተለው እሷ ያወጋችው ነው።

ሰው ጀምበር ይላታል። እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም፤ የሥራ ባልደረቦቿ ለማሾፍ የለጠፉባት ነው። የገበሬዎች ማኅበር የድንችና የበቆሎ ማሳ ጠባቂ ናት። ማሳው ከወንዙ መታጠፊያ ተነስቶ እስከ መኪና መንገዱ ይወጣል፤ የእሷ ድርሻ ታችኛው አጥር፣ ከወንዙ በኩል ያለው ነው። ከርከሮ የሚመጣውም በዚያው ነው። ቀን ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ ይውልና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ይነሳል፤ አጥሩን በአፍንጫው ገልብጦ ይገባል። አንድ መንጋ በአንድ ምሽት የሰውን የዓመት ልፋት አራግፎ ይሄዳል።

ችግሩ በአጥሩና በቁጥቋጦው መካከል የእግር መንገድ መኖሩ ነው። የአትክልት ማሸጊያ ቤቱ ሴቶች ሥራ ሲለቁ ወደ ቤታቸው የሚያቋርጡት በዚያ ነው። የሚለቁትም ልክ ከርከሮው በሚነሳበት ሰዓት ነው። አንዷ ጫማዋን ልታስር ጎንበስ ትላለች፣ ሌላዋ ጭራሮ ትለቅማለች፣ ሌላዋ ከረጢት ተሸክማ ጎብጣ ትሄዳለች። በዚያ ብርሃን የጎበጠ ሰውና የቆመ ከርከሮ ወንድማማች ናቸው።

ስለዚህ ጀምበር አንድ ልማድ አላት። በአጥሩ ማዶ ጫፍ ባለው ምሰሶ ላይ አንድ ቁራጭ የፍራሽ ጨርቅ ተቸንክሯል፤ ነጭ መደብ ላይ ቀይና ሰማያዊ መስመር ያለው። ፀሐይ ከገባች በኋላ ከመቀመጫዋ ሆና በጠመንጃዋ ማነጣጠሪያ መነጽር ጨርቁን እየደጋገመች ታያለች። መጀመሪያ ቀዩ መስመር ይሞታል፤ ጥቁር ይሆናል። ሰማያዊው ጥቂት ይቆያል። እሱም ከነጩ ጋር ተቀላቅሎ ጨርቁ አንድ ግራጫ ነገር ሲሆን ጥይቶቹን ታወጣለች፣ ኮት ኪሷ ውስጥ ትከታለች፣ የኪሱንም ቁልፍ ትቆልፋለች። ከዚያ ወዲያ ከርከሮ መጥቶ እግሯን ቢልሳትም አትተኩስም። በጠመንጃው ፈንታ አንድ ቁራጭ ቆርቆሮና ዱላ አንስታ እየደበደበች፣ እየጮኸች፣ አጥሩን ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ድረስ ትመላለሳለች። ጀምበር ያሏት ለዚህ ነው፤ ጀምበር ስትጠልቅ ጠመንጃዋን ታስተኛለች ብለው።

ጨርቁን የቸነከረው ሟች ባለቤቷ ነው። ከእሷ በፊት ያንን አጥር ይጠብቅ የነበረው እሱ ነበር። አንድ ምሽት ቁጥቋጦው ሥር ጥቁር ነገር ያያል፤ ዝቅ ያለ፣ ጀርባው ጎበጥ ያለ፣ መሬት የሚምስ። በመነጽሩ ውስጥ ያለውን የዒላማ መስቀል የአውሬው ትከሻ ላይ አሳረፈ። ትንፋሹን ያዘ። ጣቱ ቃታው ላይ አረፈ።

ከርከሮው ሳለ።

እንደ ሰው፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው፣ ሁለት ጊዜ ሳለና አክታውን ተፍቶ ተነሳ። ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ የሚፈልገውን ፈልጎ፣ ከምን እንዳመለጠ ሳያውቅ መንገዱን ሄደ። ባሏ ቤት ሲገባ እህል አልቀመሰም። ግድግዳውን እያየ ተቀምጦ፣ «ያየሁት መስሎኝ ነበር እኮ» አላት። «ጆሮውን ሳይቀር አይቻለሁ። የሌለ ጆሮ።» በማግስቱ ከሚተኙበት ፍራሽ ላይ ጥግ በኩል ጨርቁን ቀዶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ፍራሻቸው በአንድ በኩል ጥጡን እየተፋ ብዙ ዓመት አገለገላቸው። ጀምበር ይህን ስታወራ ሳቀች፤ «ባል ለሚስቱ ፍራሽ ይገዛል፤ የእኔ ባል ቀደደብኝ» አለች።

እሱ በሕመም ካለፈ በኋላ አጥሩን እሷ ያዘች። መተኮሱንም መነጽር መያዙንም ከእሱ ተምራለች። የጠባቂዎቹ አለቃ የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። ፀጉሩ ቢሸብትም እሷ ዛሬም «አንተ ልጅ» ትለዋለች። ክፉ ሰው አይደለም። ሥራውን ይወዳል፣ ስሙንም ይወዳል፤ ሁለቱ ሲጋጩ ግን የትኛውን እንደሚመርጥ እስከ ዘንድሮ ድረስ አልተፈተነም ነበር።

ዘንድሮ ከርከሮው በዛ። ማኅበሩም ለጠባቂዎቹ አዲስ የጠመንጃ መነጽር ገዛ። የፊቱ መስታወት የስኒ አፍ ያህላል፤ አሮጌው አጠገቡ ሲቀመጥ የዶሮ ዓይን ይመስላል። ሻጩ ጨለማን ቀን ያደርጋል ብሎ ምሎ ነበር። መሐሉ ላይ የምትበራ ቀይ ነጥብ አለችው፤ አንገቱ ላይ ደግሞ ነገሩን ሁሉ የሚያቀርብ ማጉያ ቀለበት አለው። ጠባቂዎቹ በተረከቡበት ቀን ቀለበቱን እስከ መጨረሻው አዞሩት፤ ከዚያ ወዲያ የነካው የለም። የሩቁን ለማየት የሚያቀርብ ነገር ይሻላል፣ ለጨለማ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል፤ ሁሉም የመሰላቸው እንዲህ ነበር። ነጥቧንም እንደ ፍም አበሯት።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። በማዳበሪያ መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ሳለ የማኅበሩ ሊቀ መንበር አዲሱን ደንብ ተናገረ፤ ከእንግዲህ ጠባቂ ሁሉ ጨለማው ድፍን እስኪል ድረስ ይተኩሳል፤ የማይችል ጠመንጃውን ለሚችል ያስረክባል። ስም አልጠራም። መጥራትም አላስፈለገውም፤ የሰው ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ዞረ።

መጀመሪያ የተናገረችው ባለ ድንቿ ናት። መሬቷ ከታችኛው አጥር ጋር የተያያዘ፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ባለፈው ሳምንት ግማሽ ማሳዋ ተገልብጦባታል። «ጀምበር፣ አልጠላሽም» አለች። «ግን አንቺ የምትጠብቂው ከአጥር ውጭ ያለውን ነው። የእኔን ማን ይጠብቅልኝ?»

ይህ ነገር ጀምበርን አንጀቷ ድረስ ዘለቃት፤ እውነት ስላለበት። «ያንቺንም እጠብቃለሁ» አለች። «ጠመንጃዬ ይተኛል እንጂ እኔ አልተኛም። ያላየሁትን ግን አልተኩስም።»

ከጠባቂዎቹ አንዱ፣ ሳቂታው የሚሉት፣ ከኋላ ሆኖ ከርከሮው እኮ ሰዓት አስሯል፣ እሷ ኪሷን ስትቆልፍ ጠብቆ ነው የሚነሳው አለ። መጋዘኑ በሳቅ ተሞላ። አለቃው ሳቁን በእጁ አበረደና በለሰለሰ ድምፅ ያስቸገራት አሮጌው መነጽር እንደሆነ፣ በአዲሱ ብትሞክር ችግሩ እንደሚቀር አስረዳት። እሷ አዲሱንም ሞክራዋለች፤ ይህንኑ ነገረችው።

«እንግዲያውስ ዓይንሽ ነው፣ እቴ» አላት።

እሱ ለማባበል ያለው ነው። ከስድብ ሁሉ የባሰው ግን እሱ ሆነ። የአንድ ሰው ኅሊና በአንድ ቃል ሕመም ተደርጎ ሲቆጠር እንዲህ ይቆጠራል። ጀምበር ተነስታ እዚያው ሁላችሁም ኑና እዩ አለቻቸው፤ ዛሬውኑ፣ ታችኛው አጥር ላይ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ መነጽሮቹ ከጠመንጃ ላይ ይፈቱ። ሰው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ለክርክር ሲባል አፈሙዝ አይዞርም።

ሊቀ መንበሩ፣ ባለ ድንቿ፣ ሳቂታውና አለቃው ወረዱ። ሁለቱን መነጽሮች አሸዋ የተሞላ ከረጢት ላይ አስደግፈው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፀሐይ ከገባች ቆየች። ጨርቁ ላይ ያለው ቀይ መስመር ሞተ፤ ሰማያዊውም ተከተለው። ጀምበር ከልማዷ የተነሳ እጇ ወደ ኪሷ ሄደ፤ የሚወጣ ጥይት ግን አልነበረም።

ያኔ ቁጥቋጦው ሥር አንድ ነገር ተነቃነቀ።

አለቃው አዲሱን መነጽር ዓይኑ ላይ ለጥፎ ብዙም አልቆየም። ከርከሮ ነው አለ፤ ትልቅ ነው፣ ራሱ ወደ ወንዙ፣ ጭራው ወደ እኛ ነው አለ። ሊቀ መንበሩ ወደ ጀምበር ዞረ። እሷ በአሮጌው ታያለች፤ የእሱንም ማጉያ ቀለበት ወደ ዝቅተኛው መልሳዋለች። ጥቁር ነገር ይታያታል፤ ዝቅ ያለ ነው፤ ሌላ ነገር የለም። ሰው ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። አላውቅም አለች። እንስሳ ነው ወይ? አላውቅም። እንግዲህ ምን ታውቂያለሽ ሲላት፣ «አለማወቄን» አለች።

ጥቂት ቆይቶ ነገሩ ተነስቶ ወጣ። ከርከሮ ነው። ወፍራም፣ እውነተኛ ከርከሮ፣ ሰው ሁሉ በባዶ ዓይኑ እስኪያየው ድረስ ቀረበ። አለቃው ልክ ነበር።

ሳቂታው አጨበጨበ። ጀምበር እኮ ከርከሮው መታወቂያ ካላሳያት አትተኩስም አለ፤ ሊቀ መንበሩ እንኳ ሳቁን መያዝ አቃተው። ባለ ድንቿ አልሳቀችም፤ ድንጋይ አንስታ ወደ ከርከሮው ወረወረችና ማሳዋን ልታይ ሄደች። ሊቀ መንበሩ ጉሮሮውን ጠርጎ ነገ ጠመንጃውን አምጥታ እንድታስረክብ ነገራት።

«ከርከሮ ነበር፤ አምናለሁ» አለች። «እኔ ግን አላየሁትም። ነገም እንዲሁ ከሆነ አልተኩስም። ጠመንጃውንም አላመጣም። የሚፈልግ ቤቴ ይምጣ፤ ሲመጣ ግን በዚህች መንገድ የሚያልፉትን ሴቶች ይዞ ይምጣ፤ ለማን እንደማስረክብና ለምን እንደማስረክብ በፊታቸው ይነገር።»

ድርቅ ብላ ተናግራ ሄደች። ቤቷ ስትደርስ ግን በሩን ዘግታ ተንበርክካ አምላኳን ለመነች። እንዲያሸንፍላት አልነበረም፤ ያለችው ትክክል ካልሆነ ልቧን እንዲያለሰልስላት ነበር። ልቧ አልለሰለሰም። ይህንንም እንደ መልስ ቆጠረችው።

በማግስቱ ጠዋት አለቃው ብቻውን መጣ። ሴቶቹንም፣ ሊቀ መንበሩንም አላመጣም። ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፤ ግባ ብትለው እምቢ አለ። ያመጣውን አዲሱን መነጽር በሁለት እጁ ያገላብጣል። በመጨረሻ ቀና ሳይል ተናገረ።

«በየት በኩል እንደወጣ አይተሻል አይደል?»

አይታለች። ከርከሮው ከቁጥቋጦው ሲወጣ ወደ ወንዙ አልሄደም፤ ሳይዞር ፊቱን ወደ እነሱ እንዳደረገ ነው የመጣው። አለቃው ጭራ ነው ያለው የከርከሮው ራስ ነበር። ከርከሮ መሆኑን በግምት አገኘው እንጂ አላየውም፤ ዓይኑ የጎደለውን ከራሱ ሞላለት፤ ለወንድሙ የሌለ ጆሮ ሞልቶለት እንደነበረው ሁሉ።

«አይቻለሁ» አለችው።

«ታዲያ ሰው ሁሉ ሲስቅብሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተ ልጅ፣ የባሌን ወንድም በሰው ፊት አዋርጄ ምን ላተርፍ ነው? ለአንተ ልነግርህ ነበር፤ አንተ ቀደምከኝ።»

እንቅልፍ እንዳልወሰደው ዓይኑ ይናገራል። መነጽሩን ዘርግቶ ለምን እንዲህ እንዳታለለው ጠየቃት። እሷም ባሏ ያሳያትን አሳየችው። የኋላውን መስታወት ከፊትህ ራቅ አድርገህ ክንድህን ዘርጋ፣ የፊቱን ወደ ሰማይ አድርግ አለችው። አደረገ። በኋላው መስታወት መሐል ትንሽ ክብ ብርሃን ተንጠልጥላ ታየችው፤ ምስር ታህላለች። አሁን ቀለበቱን ወደ ታች አዙር አለችው። ብርሃኗ እያደገች እያደገች ሄዳ የሸሚዝ ቁልፍ አከለች። መልሶ አዞረ፤ ምስር ሆነች። እንደ ሕፃን ደጋገመው።

ወደ ዓይንህ የሚገባው ይኸው ነው ብላ አስረዳችው። ሲመሽ የዓይን ብሌን ብርሃን ፍለጋ ይሰፋል፤ ሰፊ በር ይከፍታል። አንተ ደግሞ በሰፊው በር ምስር ታክል ብርሃን ትልክበታለህ። ነገሩ ይቀርባል፤ ግን ይጨልማል። በቀን በሩ ጠባብ ስለሆነ አይታወቅህም፤ ሲመሽ ነው የሚያታልልህ። ያቺ ፍም የመሰለች ነጥብ ደግሞ የተከፈተውን በር መልሳ ትዘጋዋለች፤ መብራት ዓይንህ ውስጥ እያበራህ ጨለማ ውስጥ ልታይ አትችልም። መነጽሩ ክፉ አይደለም፤ ከአሮጌው ይበልጣል። ቀለበቱን ዝቅ፣ ነጥቧን ድክም ብታደርጋት ከእኔ ጨርቅ ጥቂት ያስቆይሃል። ጥቂት ብቻ። ከዚያ ወዲያ ግን መስታወት ያለውን ብርሃን ያሳልፋል እንጂ የሌለውን አይወልድም።

አለቃው መነጽሩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ሊቀ መንበሩ ጠመንጃውን ይዞ እንዲመጣ እንደላከው ነገራት። «ምን ልበለው?» አላት።

«ያየኸውን።»

ያንኑ ዕለት መጋዘኑ ውስጥ ተናገረ። ልክ የነበርኩት በዕድል ነው አለ፤ ራስና ጭራ አልለየሁም፣ ራስና ጭራ ያልለየ ሰው ሰውን ከከርከሮ አይለይም አለ። ለአንድ አለቃ ይህን በበታቾቹ ፊት መናገር ቀላል አይደለም። ክርክሩ ግን እዚያ አላበቃም፤ ማሳው ያለቀበት ገበሬ በምስርና በቁልፍ ጨዋታ አይጠግብም። ጀምበርም ጠመንጃ ባይጮህ ሰው ይጩህ፣ ሁሉም ተራ ገብቶ ቆርቆሮ ይደብድብ ብላ ተከራከረች። ብዙ ከተጯጯሁ በኋላ ተስማሙ፤ በየአጥሩ ባለ መስመር ጨርቅ ይቸንከር፤ የጨርቁ መስመር ሲጠፋ ጥይት ከጠመንጃው ይውጣ፤ ከዚያ በኋላ ባለ ማሳዎቹ በተራ እየወረዱ ከጠባቂው ጋር ይጩሁ። በዚያው ምሽት ባለ ድንቿ የልብስ ማጠቢያ ሳፋዋን ይዛ ታችኛው አጥር መጣች። ስታንኳኳው ወንዙ ማዶ ድረስ ይሰማ ነበር አለች ጀምበር፤ ከርከሮ ባይሸሽ እኔ ልሸሽ ምንም አልቀረኝ።

ሊቀ መንበሩ አንድ ነገር ጨመረበት። ነገሩ ሁሉ በዓይን ላይ ከሆነ የጠባቂ ዓይን ይመርመር አለ። ይህ ለማን እንደተባለ ሁሉም ገባው። ጀምበር ግን ተነስታ እኔ ልቅደም አለች።

ወደ ክሊኒኩ የመጣችው ለዚህ ነው።

ጨዋታው እዚህ ሲደርስ ተጠራች። ይህ ጸሐፊ በጨዋታው መሐል ተጠርቶ የራሱን ጉዳይ ጨርሶ ነበር፤ አልሄደም። ነገሩን ሳይሰማ ቢሄድ መጽሐፍን በመሐሉ እንደመዝጋት ይሆንበት ነበር። ብዙ ቆይታ ወጣች፤ ብሌኖቿ በጠብታው ሰፍተው ዓይኗ ጥቁር ብቻ ሆኗል። እየዳበሰች መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች። «ቀኙን ሞራ ጀምሮታል» አለች።

ሐኪሟ ደግ ሴት ነበረች፤ ሁሉን በርጋታ አስረዳቻት። ሞራው ገና ጭጋግ ነው፤ በቀን ብርሃን አያስቸግራትም፤ ሲጎለምስ በቀላሉ ይወጣል። ሲመሽ ግን ያለችውን ጥቂት ብርሃን ይበትናታል። ደግሞ ዕድሜ ሲገፋ ብሌን እንደ ልጅነቱ አይሰፋም፤ ሰፊ መስታወት ብርሃኑን ቢያፈስላትም በሩ ጠቧል። እግዚአብሔር ይመስገን በጊዜ ነገረኝ አለች ጀምበር፤ ከልቧ እንዳለችው ያስታውቃል።

የሚያንገበግባት ሞራው አልነበረም። የሚሉት ነው። ይህን ስትነግራቸው፣ «ይኸው፣ እኛ ምን አልን? ጥንቃቄ አልነበረም፤ ሞራ ነበር» ይላሉ። ባሏ የቸነከረው ጨርቅ፣ እሷ በሳቅ መሐል የቆመችበት ነገር፣ አለቃው በሰው ፊት የተናገረው ሁሉ የአንዲት አሮጊት የዓይን ሕመም ሆኖ ይቀራል። ጨርቆቹ ከየአጥሩ ይነቀላሉ። ዝም ብትልስ? ሐኪሟ ስለ ጠመንጃ የምታውቀው ነገር የለም፤ በቀን ደህና ታያለች ብላለች፤ ያንኑ ብቻ ብትናገር የሚጠይቃት የለም።

«እነግራቸዋለሁ» አለች። «ይበሉ፤ የሚሉትን ይበሉ። ሌላውን ያላየኸውን አትተኩስ እያልኩ የራሴን ዓይን ብደብቅ ከማን ልሻል ነው? ግን አንገቴን ደፍቼ አልነግራቸውም። ሞራ አለብኝ፣ ስለዚህ መተኮስ የማቆምበት ምልክቴ ከእናንተ ቀደም ብሎ እዚህ ላይ ነው፣ የእናንተስ የት ነው፣ እናንተስ ለክታችኋል ወይ እላቸዋለሁ። ያን ለማለት ግን ቦታውን ማወቅ አለብኝ። በግምት አይሆንም።»

ከዚያ የሰፉ ጥቁር ዓይኖቿን ወደ ጸሐፊው አዞረች። ፊቱ ጭጋግ ሆኖ ሳይታያት አይቀርም።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ከዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ታችኛው አጥር ድረስ ይመጡልኛል? ጠመንጃው ቤት ተቆልፎበት ይቀራል፤ በእጄ የምይዘው መነጽሩን ብቻ ነው። እርስዎ ቁጥቋጦው ሥር ይሆናሉ። ሲፈልጉ ይቁሙ፣ ሲፈልጉ ይጎንበሱ፣ ሲፈልጉ ጨርሶ አይኑሩ፤ የትኛው እንደሆነ አይንገሩኝ። ሰው ነው ብዬ በእርግጠኝነት መናገር የሚያቅተኝ የት ላይ እንደሆነ ልወቀው። ዘመዶቼን ብጠይቅ ስለሚወዱኝ በሚታዩበት ቦታ ይቆሙልኛል። የማይወዱኝ ደግሞ በደረታቸው ይሳቡብኛል። እርስዎ ከሁለቱም አይደሉም።»

እሱ ምን እንደሚመልስ ሲያስብ ዝም ማለቱ እሺታ መሰላት፤ ወይም እሺታ እንዲሆን ፈለገች።

«ጥቁር ካፖርት አለዎት?» ብላ ጠየቀችው።